የጓሳ ጫፍ ነጭ አበባ

ፍራይቡርግ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአያ ነጋ፣

ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ አንተም አክስቴ አየለችም ካላችሁበት ይድረሳችሁ። እንደምን ከርማችኋል? እኔ በእመቤታችን ጸሎት ደህና ነኝ፤ ብርዱም ለቀቅ አድርጎናል።

በስልክ ያልነገርኩህን በወረቀት ልንገርህ ብዬ ነው። ስልክ ላይ እኔ አለቅሳለሁ፣ አንተ «አይዞሽ» ትላለህ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። እማዬ ካረፈች ይኸው ፋሲካ አለፈ። እኔ አንድ ልጇ አፈር አላለበስኳትም። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለነበር ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። ይህን ታውቀዋለህ፤ ግን ደጋግሜ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

መንኩሳ፣ እማሆይ ወለተሩፋኤል ተብላ፣ በተወለደችበት በጓሳ ጫፍ መቀበሯ ደስ ይለኛል። ግን ሰው የሌለበት አገር ነው። መንደሩ ለፓርኩ ተብሎ ተነሥቶ ሁላችሁም ደባርቅ ከወረዳችሁ ወዲህ እዚያ የቀረው የቅዱስ ሩፋኤል ቤተክርስቲያንና መቃብሩ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ለንግሥ ካልሆነ ማን ይጎበኛታል?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ከደብዳቤው ጋር በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ዘር አለ። አቧራ ይመስላል፣ እንዳታራግፈው። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ግቢ የሚበቅል አበባ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል፣ ከታች እስከ ላይ ነጭ ነጭ ደወል ይደረድራል። የዚህ አገር ሰዎች «የጣት ቆብ» ይሉታል፣ ጣት ስለሚያስገባ። ብርድ አይፈራም። ከራስጌዋ ዝራልኝ። ልጅ ያላት መሆኑን ቢያንስ አበባው ይመስክር።

ዘንድሮም ሳታገባ ልትከርም ነው? አክስቴ እስከ መቼ ነው የምታበስልልህ?

ደብዳቤውን ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ነጃት ሱቅ ታገኘዋለህ። መልስህንም እዚያው ተውልኝ፤ ወደዚህ የሚመጣ መንገደኛ አታጣም።

እህትህ ፀደይ


ደባርቅ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፣

ሰላም ለኪ ብያለሁ፣ እንደ ቄስ ወልደ ገብርኤል። እናቴ «ሸጋ ሁኚልኝ፣ ብርድ አይንካሽ» ትልሻለች። ክረምቱ ገብቶ ጭጋጉ ከዓይናችን ሥር አልነሣም ብሏል እንጂ እኛ አለን።

ስለ ጋብቻ የጻፍሽውን እናቴ ደጋግማ አስነበበችኝ። ምነው ከዚያ ከሩቅ አገር ሆነሽ ነገር ታቀጣጥያለሽ?

ዘርሽን ዘርቼልሻለሁ። እንዴት እንደዘራሁት ግን ልንገርሽ። እኔ የፓርኩ ስካውት፣ የዱሩ ጠባቂ ነኝ፤ ቱሪስት የበላውን የብርቱካን ፍሬ ሜዳ ላይ ቢተፋ የምቆጣ ሰው ነኝ። ከውጭ የመጣ ዘር እዚያ ተራራ ላይ አይገባም። ጓሳ ሣሩም፣ ጅብራውም፣ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብበው ስሙን እንኳ የማናውቀው ሁሉ፣ ከዚህ ቢጠፋ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። ይህን እያወቅሁ ወረቀትሽን በደረት ኪሴ ይዤ ወጣሁ። የእናትሽ ነገር ነው፣ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ጓሳ ጫፍ ስደርስ ጭጋግ ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል፤ የኛ ቤት የነበረበት ምድጃ ላይ ሣር በቅሏል። ከመቃብሩ ዳር ሰው ቆሞ አየሁና «እንደምን ዋልህ አያ!» ብዬ ጮህሁ። ጠጋ ስል ጅብራ ነው፤ እናትሽ በሞተች ሰሞን አብቦ የደረቀው። ጅብራ በዕድሜው አንዴ ያብብና ይሞታል፣ ሬሳው ግን እንደቆመ ይከርማል። በራሴ ሳቅሁ። ሳቄ ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ የኔ ድምፅ አልመስል አለኝ። ዘሩን ከራስጌዋ በትኜ፣ አፈሩን ዳበስ አድርጌ፣ ወደ ኋላዬ ሳላይ ወረድሁ።

ማንም አላየኝም። አንቺም ለማንም አትንገሪ፣ እንጀራዬ ነው።

ወንድምሽ ነጋ


ፍራይቡርግ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ነጋ፣

የልደትን በዓል በጤና እንደዋላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አለሁ፣ ሥራም አለ። ደብዳቤህ ዞሮ ዞሮ በበዓሉ ዋዜማ ደረሰኝና ከምንም ስጦታ በለጠብኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጅብራውን ሰላም ያልክበትን ለሥራ ጓደኞቼ ተርጉሜ አወራሁና ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን ደግሜ አነበብኩት፤ ያኔ አልሳቅኩም።

በቀለ ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ መሬት ላይ ተኝቶ እንደ አህያ ጆሮ ለስላሳ ጠጉር ያበቅላል። የሚያብበው በሁለተኛው ክረምት ነው። አንድ ነገር አደራ፣ በድንጋይ ከበብ አድርግለት። ከብት እንዳይነካው። እዚያ ከብት አይወጣም ትለኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ከበብ አድርግለት።

ስልካችሁ ለምንድን ነው የማይሠራው? በየሳምንቱ እሞክራለሁ።

ፀደይ


ደባርቅ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፣

እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገረሽ! መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ ዘገየሁብሽ እንጂ አልረሳሁሽም። እኛ ደህና ነን። እናቴ እንዲያውም ከደህናም በላይ ናት፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

አበባሽ አበበ።

ጳጉሜን ሦስት ለቅዱስ ሩፋኤል ንግሥ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ጓሳ ጫፍ ወጣ። ያ የሩፋኤል ዝናብ መጣል ሲጀምር ሁሉም ሊጠመቅበት ከቅጽሩ ወጥቶ ራሱን ገለጠ። ይኼኔ አንዲት ሴት ጮኸች። ዞር ስንል ከእናትሽ ራስጌ ነጭ በነጭ ሆኖ ቆሟል። ነፋስ የለም፣ እሱ ግን ይወዛወዛል፤ ዝናቡ ነው ደወሎቹን የሚመታቸው። ሽማግሌ ሁሉ ቀርቦ አየ። በዚያ አገር ያለውን ሣር ቅጠሉን በስሙ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፣ ይህን ግን ያየ አልተገኘም። ቄስ ወልደ ገብርኤልም «ይህን ዕፅ አላውቀውም» አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። «ነጋ፣ አንተ ተራራውን የምትዞረው፣ ታውቀዋለህ?»

እንደ ጅብራ ተገተርሁ። ብናገር እንጀራዬ ነው፤ ደግሞ የሰዉን ፊት ብታይው! ከአገሩ ከተነሣ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም። «እኔም አላውቀው» አልሁ።

«የእማሆይ ተአምር ነው!» ተብሎ እልልታው ቀለጠ። ከራስጌዋ አፈር እየዘገኑ እምነት ነው ብለው በነጠላ ጫፍ ቋጠሩ። ግንባሩን የተቀባ አለ፣ በውሃ በጥብጦ የጠጣ አለ፣ ደጃፉና ማሳው ላይ ሊበትነው ይዞ የወረደ አለ። የኔዋ እናት ደግሞ ቅጠሉን ቆረጠች። እግሯ እንደሚያብጥ፣ ስትተኛ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ታውቂያለሽ። አፍልታ ጠጣችው። «እንደ ኮሶ ይመራል፣ እንግዲያ መድኃኒት ነው» አለች። በሳምንቱ እግሯ ጎደለ። ፀደይ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ እምቢ ያላት ጫማ ገባላት። እኔ የዘራሁትን የማውቅ ሰው ይህን ምን ልበለው?

ወንድምሽ ነጋ


ፍራይቡርግ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ነጋ፣

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ካገኘሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔም አላውቅም። እማዬ ስሟ በእልልታ ተነሣ! እዚህ ሰው አጥባ፣ ሰው አጉርሳ ስትመለስ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጇ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሆን ገምት። ስለ እሷ የሚሉትን ሁሉ ጻፍልኝ፣ አንድም ሳታስቀር። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ካገኘህም ላክልኝ።

የአክስቴ እግር መጉደሉ ደስ አለኝ። ቅጠሉን ግን ብታቆመው ጥሩ ነው። ድናለች አይደል? የዳነ ሰው መድኃኒት አይጠጣም በላት።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። መብራት ስታይ በዙሪያው ቀለበት ይታያታል? ነጭ ነገርስ በዓይኗ ምን ይመስላል? ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ብቻ ጠይቃትና ቶሎ ጻፍልኝ።

ፀደይ


ደባርቅ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደይ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ማን ነገረሽ?

ጥያቄሽን ጠየቅኋት። የያዘችው ጧፍ ከእጇ ወደቀ። «ፀደይም ታየዋለች? ከዚያ ሆና?» አለችኝ። ከገና ጀምሮ በጧፉ ዙሪያ ቢጫ አክሊል ይታያታል። ነጠላዋ ቢጫ ነው፣ ወተቱ ቢጫ ነው፣ የኔ ፊት ቢጫ ነው። እንደሷ ቅጠሉን አፍልተው የሚጠጡ ሌሎችም ያዩታል፤ ስም አውጥተውለት ብርሃነ ሩፋኤል ይሉታል። እናቴ ያንቺን ጥያቄ ለሰዉ ሁሉ ነገረች። ልጅየዋም ባሕር ማዶ ሆና ታየዋለች ተባለ፣ አሁን አንቺም የምትወሪ ሆነሻል።

አያ ስማቸው ሞቱ። ከልጅነትሽ ታስታውሻቸዋለሽ፣ ለቅሶ ቤት ሄደው ሰውን የሚያስቁት። ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ደከመኝ ብለው መንገድ ዳር ተቀመጡ፣ አልተነሡም። ጠዋት ጠጥተው ነበር። በቀብራቸው ላይ ያለቀሰ የለም። «እማሆይ ጠራቻቸው» ነው የሚባለው፤ የቀኑባቸውም አሉ።

ተራራው ላይ ያለውን ደግሞ ስሚ። አፈሩን ቋጥረው በወረዱበት መንገድ ሁሉ፣ ከነጠላው ጫፍ ብናኝ ባፈሰሰበት ሁሉ፣ ቅጠሉ በቅሏል። ጓሳው በውርጭ ነጥቶ ደርቋል፣ እሱ ግን ለምለም ነው። ከመሬት የወጣ ጆሮ ይመስላል ብለሽኝ ነበር፣ ልክ ነሽ። በመሀሉ ስሄድ ኮቴዬን የሚያዳምጥ ይመስለኛልና ቀስ ብዬ እረግጣለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ያን መስክ ትተው ወደ ማዶ ሄደዋል። ወደ ገደሉ አፋፍ፣ እነዚያ ሌላ አገር የሌላቸው ወደሚያብቡበት፣ እየተጠጋ ነው። እነቅለዋለሁ። ከነቀልሁበት ከተቆፈረው አፈር ግን እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ስለ እንጀራዬ መፍራቱን ትቻለሁ። ለአለቃዬ ሁሉን ነገርሁት። ተቆጣኝ፣ ቀጥሎ የሚነቅሉ ሰዎች ላከ። ሕዝቡ መቃብሩን ከቦ ቆመ፤ መንደራችንን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ቅድስታችንን ልትወስዱ ነው አላቸው። «የዘራሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ። ሳቁብኝ። «ነጋ የፓርኩ ሰው ነው፣ በል ያሉትን ይላል» አሉ። ሌላ ቀን በየቤቱ እየዞርሁ ነገርሁ፣ ቡና አጠጥተው ሸኙኝ። ባለፈው ዓመት ዋሽቼ አመኑኝ፣ ዘንድሮ እውነቱን ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

እኔ ግን አሁን የማስበው እናቴን ነው። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አስጠግቼ አዳመጥሁ። ልቧ ይመታና ይቆያል፣ ሌላውን ስጠብቅ ትንፋሼን ይዤ እቀራለሁ። ቅጠሉን እደብቅባታለሁ፣ ጎረቤት ያመጣላታል። ይህ የላክሽልኝ ነገር ምንድን ነው? የምታውቂውን ጻፊ። ከልጇ ከመጣ ያምናሉ። እናቴን አትግደዪብኝ።

ነጋ


ፍራይቡርግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ነጋ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፣ አክስቴንም በሕይወት ያቆይልኝ። ስልክ ስሞክር ሰነበትኩ፣ አልሆነልኝም።

መርዝ ነው። ቅጠሉም አበባውም ዘሩም መርዝ ነው። የልብ ሕመም መድኃኒት ከዚሁ አበባ ወገን ይሠራል፤ እዚህ የማስታምማቸው ሽማግሌዎች ከእሱ የተቀመመ ኪኒን ይወስዳሉ፣ እኔ ነኝ በየጠዋቱ የማድላቸው። ሐኪም ለክቶ ሲሰጠው ያበጠ እግር ያጎድላል። ከልኩ ሲያልፍ ልብን ያዘገየዋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ነጩን ሁሉ ቢጫ ያደርጋል፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፣ ከዚያ ልብ ይቆማል። ያ ብርሃን ሞት ሲቀርብ የሚታይ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ስልክልህ መርዝነቱን አውቅ ነበር። ከመቃብር ላይ ማን ይበላል ብዬ ነው። በድንጋይ ከበብ አድርግለት ያልኩህም ለዚያ ነበር። የኛ ሰው ከመቃብር አፈር እንደሚዘግን ረሳሁት፤ እኔው ራሴ በልጅነቴ እምነት ተቀብቼ ያደግሁ፣ ረሳሁት! በኅዳር ስጠይቅህ ደግሞ ጠርጥሬ ነበር። ደፍሬ አልጻፍኩም፣ እማዬ ቅድስት ተብላ ትቅርልኝ ብዬ። አያ ስማቸው በዚያ መሀል ሞቱ። ይህን ይዤ መኖር አለብኝ።

ቀጥሎ ያለውን ቄስ ወልደ ገብርኤል ለሕዝቡ ያንብቡልኝ፦

«የጓሳ ጫፍ አባቶቼና እናቶቼ፣ እኔ የእማሆይ ወለተሩፋኤል ልጅ ፀደይ ነኝ። በእናቴ መቃብር ላይ ያለውን አበባ ከዚህ አገር የላክሁት እኔ ነኝ፣ ነጋ የዘራው እኔ ለምኜው ነው። ተአምር አይደለም። ሰው ይገድላል። እናቴን የምትወዷት ከሆነ ከሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ ከአፈሩም አትውሰዱ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ያ ይበቃታል።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የረጠበው ለዚያ ነው።

ፀደይ


ደባርቅ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፣

እንኳን ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገረሽ፣ በጤና ያክርምሽ። እናቴም እኔም በሕይወት አለን፤ ይህን ቀድሜ የጻፍሁት ልብሽ እንዳይሰቀል ነው።

ደብዳቤሽ መንገድ ተዘግቶ ነጃት ሱቅ ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ እኔ ዘንድ የደረሰው ለጳጉሜን ዋዜማ ነው። እናቴ ለብቻዋ ሳነብላት ፊቷን አዞረች። ስለዚህ ወደ ንግሡ ይዤው ወጣሁ።

ጭጋጉ ከባድ ነበር። ከመቃብሩ እስከ ገደሉ አፋፍ፣ ከአፋፉ እስከ መንገዱ፣ ያ ሁሉ ጆሮ የመሰለ ቅጠል አብቦ ነጭ ነጠላ ለብሶ እንደቆመ ለቀስተኛ ዳር ዳሩን ይዞ ጠበቀን። ሰዉ በመሀሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለፈ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፣ ደግመውም «ልጆቼ፣ እንግዲህ ሰምታችኋል፣ እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አመኑ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ያኔ አንዲት አሮጊት ከመሀል «ታዲያ ማን ላኪ ብሏት ላከችው?» አለች። «እማሆይ ናት እንጂ! ነፍሷ ባሕር ተሻግራ ለልጇ ነግራታለች!» እልልታው ተራራውን አናወጠው። ቄሱ ቢጮሁ ማን ይስማቸው። ደብዳቤሽን ከእጃቸው ወሰዱት። ፀደይ፣ በውሃ ዘፍዝፈው ቀለሙን አጠቡትና ለየአንዳንዱ ጉንጭ ጉንጭ አደረሱት። ያለቀስሽበትን ቦታ ለሕፃናቱ ሰጡ። የምትመጪበትን ቀን ይጠይቁኛል። እባክሽ አትምጪ፤ እንዴት ተደርገሽ እንደምትታዪ አላውቅም።

አንድ ሸጋ ነገር ግን አለ። ቤት ስንገባ እናቴ የቅጠሉን ማሰሮ ከደጅ አውጥታ ሰበረችው። «ለኔ ይበቃኛል፣ ተውሁት» አለች። ይኸው ከዚያ ወዲህ አልቀመሰችም። እግሯ መልሶ ቢያብጥም ዓይኗ ጠርቷል፣ ወተቱ ነጭ ሆኖላታል። አንቺ ያልሽውን ምልክት ጠዋት ማታ እየጠየቅሁ አሰለቸኋት። እናቴን አዳንሽልኝ፣ ውለታሽን አልረሳም።

እንዲያውም አሁን ሐሳቧ ሁሉ እኔ ሆኛለሁ። «ሁሉ ሲያምን አንተ ብቻ ቀረህ፣ ልቤ የሚያዝነው ላንተ ነው» እያለች እንደ ሕፃን ታባብለኛለች። ጠዋት ጠዋት ጤና አዳም የበዛበት ሻይ ታፈላልኛለች፣ ጠጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ትቀመጣለች። ይመራል፤ ለብርድህ ነው ትለኛለች። እኔም ሰሞኑን ደክሞኛል፣ ምግብ ያስጠላኛል፣ ዳገቱን ስወጣ እግሬ ቆም ቆም ይላል። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ሳላገባ ደረሰብኝ።

ነጃትን በስልክ ስታገኚያት ውቀሺልኝ። ነጭ ወረቀት ብዬ ብጠይቃት ቢጫ ሰጥታኛለች። ያንቺ ዓይነት ንጹሕ ወረቀት ላይ ልጽፍልሽ ነበር ሐሳቤ።

ወንድምሽ ነጋ


ፍራይቡርግ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

አያ ነጋ!

ከአክስቴ እጅ ምንም አትጠጣ። ሻዩንም፣ ውሃውንም። ከቤት ውጣ፣ ወደ ሐኪም ሂድ፣ ያ ቅጠል እንደሆነ ንገራቸው። ስትወድህ ነው የምታጠጣህ፣ አትቆጣት፣ ግን አትጠጣ።

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከጻፍከው ወር አልፎታል። ስደውል ዋልኩ፣ መስመር የለም። ነጃትን ግን ጎንደር በስልክ አገኘኋት፤ የደባርቅ መንገድ ዝግ ነው፣ እንደተከፈተ ሰው እልካለሁ አለችኝ። ይህን ደግሞ በነገው መንገደኛ እሰደዋለሁ። እኔም ቲኬት ቆርጫለሁ፣ አትምጪ ብትለኝም እመጣለሁ።

ነጃት አላታለለችህም። ወረቀትህ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፣ መስኮት አጠገብ ወስጄም አየሁት። ነጭ ነው፣ አያ ነጋ። ነጭ ነው።